ለሰርቨሩ ስል የተናገርኩት

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሰርቨር ገዛ። ካርቶኑ ሳይከፈት ከእኔ ጋር የሚሠሩት ሁለት ወጣቶች «ምን እንጫንበት?» ብለው ክርክር ገጠሙ። ልጅቷ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስን ትላለች፤ ልጁ ደግሞ በፈቃድ የሚገዛውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም። ምሳ ላይ ወደ እኔ ዞሩና «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉኝ። ጋሼ መባሉን ለምጄዋለሁ። ጥያቄው ግን ጉርሻዬን አስረሳኝ። ይህንኑ ጥያቄ በወጣትነቴ ቡራዩ ላይ ተጠይቄ ነበር፤ ያኔ ያደረግሁትን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ አዲስ አበባ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ቡራዩ ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔም እዚያው አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ በኮምፒውተር ባለሙያነት ተቀጠርኩ። የኮሌጁ ባለቤት ሐጂ ኑሩ ዕድሜያቸውን በጨርቅ ንግድ ያሳለፉ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ አዛውንት ነበሩ። አብሮኝ የሚሠራው ገመቹ ይባላል፤ የገፈርሳ ልጅ ነው። ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ብቻ ድምፁ የሚሰማ። ሌላው ሰው ተስፋ የቆረጠበትን አሮጌ ኮምፒውተር አንስቶ ሊኑክስ ጫነበትና የተማሪዎቹን መዝገብ በሙሉ በላዩ አኖረ። የቡራዩ መብራት በቀን ስንቴ ይጠፋ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ያ ማሽን መብራት በመጣ ቁጥር ራሱ ይነሣና ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ነገር ሲበላሽ መምህራኑ «ገመቹን ጥሩልን» ይላሉ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ።

ቀናሁ። ዛሬ ቅናት ብዬ ስሙን መጥራት አይከብደኝም። ያኔ ግን ለራሴ «የሙያ ልዩነት ነው» እለው ነበር።

አንድ ቀን ሐጂ ሁለታችንንም ቢሯቸው ጠሩን። ሰርቨሩ በአዲስ ሊተካ ነው።

«እኔ የጨርቅ ሰው ነኝ» አሉ። «በነጻ ከሚገኘውና ከሚገዛው የቱ ይሻለኛል? እንደ ጨርቅ አድርጋችሁ አስረዱኝ።»

ገመቹ ትንሽ አሰበ። «ሐጂ፣ ነጻው ለዚህ ሥራ ይበቃዎታል። እንደ ጥሩ ጨርቅ ጠንካራ ነው፤ የፈቃዴ ጊዜ አለፈ ብሎም አይቆምብዎትም። ጉድለቱ ግን የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል። የሚገዛው ደግሞ ብዙ ሰው ለምዶታል፤ ቢበላሽ የሚጠራ ባለሙያ አያጡም። በደንብ ከገዙት እሱም ደህና ነው።»

እኔ የተማርኩት በሚገዛው ነበር። ስለ ሌላው የማውቀው ጥቂት ስለሆነ «በነጻ የመጣ ነገር ባለቤት የለውም» ብዬ ብቻ አለፍኩ። ሐጂ ግን ዓይናቸው ከገመቹ አልተነሣም። መሸነፌ ገባኝ።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነበር። ገበሬው መሬቴ ወደ አዲስ አበባ ሊካለል ነው ብሎ ተቆጥቷል፤ ወጣቱ አስፋልቱን በድንጋይ ይዘጋል፤ ጥይት ይተኮሳል፤ ሰው ይታፈሳል። ከሰበታም ከሱሉልታም በየቀኑ ወሬ ይመጣል። ሐጂ ጠዋት ጠዋት ፎቃቸው ፊት ቆመው ተሰብሮ እንዳይሆን መስተዋቱን አንድ በአንድ ያዩ ነበር። ፍርሃታቸውን አውቀዋለሁ። ስለማውቀውም ተጠቀምኩበት።

ያን ቀን ገመቹ ከቢሮው ሲወጣ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ።

«ሐጂ፣ ያንን ማሽን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው» አልኳቸው። «ጊዜውን እያዩት ነው። ነገ ቢታሰር ቁልፉ አብሮት ይታሰራል።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሰልፍ ይወጣል እንዴ?»

«እኔ አላየሁም» አልኩ።

ከዚያ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ምን እንደሚላቸው አውቄ ነው ዝም ያልኩት።

በሳምንቱ ገመቹ ከሥራ ተሰናበተ። አሮጌውን ማሽን ዕቃ ቤት፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር አስቀመጥኩትና አዲሱን በራሴ መንገድ አቆምኩት። ሐጂ ግዛ ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ለስድስት ወር መሞከሪያ የሚሰጠውን ቅጂ ጫንኩ። ፈቃዱን በኋላ በኢንተርኔት አወጣለሁ ብዬ ተውኩት።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ላይ አፈሳው በረታ። የጸጥታ ሰዎች ኮሌጁ ድረስ መጥተው ያሰናበታችሁት ሠራተኛ አለ ወይ፣ በምን ምክንያት ብለው ጠየቁ። ሐጂ መዋሸት አያውቁም፤ ከእኔ የገባቸውን ነገሯቸው። ገመቹ በማግስቱ ተወሰደ። የት እንዳለ ለአንድ ወር ያህል እናቱም አላወቁም። እኔ ምሳዬን እበላለሁ፣ ደመወዜን እቀበላለሁ።

በዚያው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ፤ የመሞከሪያው ጊዜም አለቀ። ሰርቨሩ በየሰዓቱ ራሱን ማጥፋት ጀመረ። ተመራቂዎች ማስረጃቸውን ፈልገው ግቢውን ሞሉት። ሐጂ አንድ ጠዋት ጠሩኝ። «ገመቹ ተፈትቷል አሉ። ሂድና አምጣልኝ። ይቅርታዬን እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ገፈርሳ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ በባሕር ዛፉ መሐል በእግሬ ሄድኩ። ገብሱ ታጭዶ እርሻው ቢጫ ሆኗል፤ ከግድቡ ውኃ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ይቀዘቅዛል። መንገዱ እንዲረዝምልኝ እየተመኘሁ ተጓዝኩ። እናቱ በር ላይ «ነጋኣ? ደህና ነህ? ኮቱ፣ ግባ» ብለው ተቀበሉኝና ጩኮ አቀረቡልኝ፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት። ገመቹ ከጓሮ መጣ። ፀጉሩ ተላጭቷል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል።

«ሰርቨሩ ምን ሆነ?» አለኝ፣ ሰላምታውን እንደጨረሰ።

አብረን ተመለስን። ሐጂ በር ላይ ጠብቀው እጁን ያዙትና ወደ ቢሯቸው ይዘውት ገቡ፤ ብዙ ቆዩ። ሲወጣ በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ። አሮጌውን ማሽን ከወንበሮቹ ሥር አውጥቶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና ሰካው። ተነሣ። የስድስት ወሩን መዝገብ ከአዲሱ ሰርቨር ዲስክ ላይ አንብቦ ገለበጠበት። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ማስረጃቸውን መውሰድ ጀመሩ። ከዚያ ደብተር አምጣ አለኝና አሠራሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ጻፈልኝ።

«ቁልፍ አንድ ሰው ጋ ብቻ መቀመጥ የለበትም» አለ እየጻፈ። «እሱ ላይ ልክ ነበርክ። ሐጂ ነግረውኛል።»

ከደብተሩ ቀና ሳይል ቀጠለ።

«ስለ ሰልፉ ግን እኔን ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለ። «መንገዱ በተዘጋ ቁጥር እናቴን በጀርባዬ አዝዬ ሐኪም ቤት አመላልስ ነበር። ኩላሊቷን ያማታል።»

ይቅርታ በለኝ ማለት ነበረብኝ። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ጊዜም ነበረን። እኔ ግን ደብተሩ ላይ አቀርቅሬ «ይለፍ ቃሉ እዚህ ጋ ነው የሚገባው?» አልኩት። እሱም «አዎ፣ እዚያ ጋ» አለኝ።

ሐጂ ተመለስ ቢሉት እሺ አላለም። ሱሉልታ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ አሁንም እዚያው ነው ይላሉ። ስልኩ አለኝ። ብዙ ጊዜ ስሙን አውጥቼ አይቼ መልሼ ዘግቼዋለሁ። በሰው ላይ ክፉ ወሬ ያወራ ቢያንስ አፉን ይዞ ይጸጸታል። እኔ ያጠፋሁት በሁለት ቃልና በዝምታ ስለነበረ ለዓመታት «ምን አልኩ?» እያልኩ ራሴን ስከላከል ኖሬአለሁ።

ለወጣቶቹ መለስኩላቸው። ነጻው ለምን እንደሚበቃ፣ ጉድለቱ ምን እንደሆነ፣ የሚገዛው የት ላይ እንደሚሻል፣ ካልገዙት ምን እንደሚያመጣ፣ ሁሉንም ሳላዳላ ነገርኳቸው። ልጅቷ በጥሞና ሰምታ «ከማን ተማሩት?» አለችኝ።

«ከጓደኛዬ» አልኩ።

አፌ ላይ እንዴት እንደመጣ አላውቅም። ቃሉን ከተናገርኩት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ እሱን ሳልጠይቀው ጓደኛዬ ስለው፣ ስለ እሱ ያልተፈቀደልኝን ለሁለተኛ ጊዜ መናገሬ ነው።