በወንድሙ ስም የታመመው መካኒክ

ሰውየውን ካቻቢቴ ነው የሚሉት። ከላይ እስከ ታች ቀጭን ስለሆነ ስሙን ያወጡለት የክለቡ ሳይክል ተወዳዳሪዎች ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይክላቸውን ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ጎማ ሲያቃና ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው ነው። እናቱ ስትሞት ታናሽ ወንድሙን አዝሎ ያሳደገውም፣ የመጀመሪያ ሳይክሉን ከወዳደቀ ብረት ቀጣጥሎ የሰራለትም እሱ ነው።

ልጁ አድጎ የክለቡ አንደኛ ሆነ። ከዚያ የተከለከለው የጉልበት መርፌ መጣ። ካቻቢቴ ይህን ሲሰማ ሦስት ቀን አኮረፈው። በአራተኛው ቀን ወንድምየው እየተቅለሰለሰ መጣ።

"ጋሼ፣ አንተ አትጠጣ፣ አታጨስ። ለመርማሪዎቹ የማቀርበው ትንሽ ሽንት ብትሰጠኝ ምን ይጎድልብሃል?"

"ደሜን መጥጠህ አደግክ፣ አሁን ደግሞ ሽንቴ አማረህ?" ብሎ ሳቀ። ሳቀና ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በየውድድሩ ሽንቱን በትንሽ ጠርሙስ ሞልቶ የወንድሙ ሳይክል ኮርቻ ቱቦ ውስጥ ይወትፋታል። መርማሪዎቹ ኪስ ይፈትሻሉ እንጂ ሳይክል ማን ይፈታል!

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ወንድምየው ፊቱ አመድ መስሎ ወርክሾፑ ገባ።

"ጋሼ፣ እንደገና ተመርመር ብለውኛል። አንዴ ብቻ ስጠኝ፣ በእናታችን አጥንት!"

"ምን አገኙብህ?"

"ኧረ ምንም።" የተጨማደደ ደብዳቤ አወጣ። ካቻቢቴ አነበበው። የተከለከለ መድኃኒት የለም፤ ኩላሊቱ ግን ክፉኛ ተጎድቷል፣ ባስቸኳይ ይታከም ይላል። ቀኑን አየ።

"ከተጻፈ አራት ወሩ እኮ ነው!"

"ብነግርህ ክኒን ያስጀምሩሃል። ክኒኑ ደግሞ ምርመራው ላይ ይወጣል... ውድድሩ ይለቅ ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

አራት ወር ሙሉ ካቻቢቴ እግሩ እያበጠ "ጫማዬ አረጀና ጠበበኝ፣ እንደ ሰው" እያለ ሲቀልድ ይሄው ልጅ አብሮት ሲስቅ ነበር። ካቻቢቴ ደብዳቤውን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ደብዳቤውን የላከው ምርመራ ጣቢያ ጋ አንዲት ነርስ ወረቀቱን አገላብጣ "ጋሼ፣ ተወዳዳሪው የታለ?" አለችው።

"ስሙ የወንድሜ ነው፣ እህቴ። ኩላሊቱ ግን የኔ ነው።"

ነገሩ ሲገባት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ይሄን ከጻፍኩ እኮ ወንድምዎ አለቀለት።"

"ካልጻፍሽም እኔ አለቀልኝ" አለ፤ አለና እዚያው ወንበሩ ላይ ይንሰቀሰቅ ጀመር።