ለጠመንጃ ሻጭ ጥብቅና የቆምኩ ቀን

የዕጣ ወረቀቴን ገልጬ ሳነበው ሳቅኩ፤ የንዴት ሳቅ ነበር። ለንደን፣ ካምደን ሰፈር ውስጥ ለሠራተኞች በሚሰጥ የሕግ ትምህርት ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። መምህራችን፣ ነጭ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምታስር እንግሊዛዊት፣ በልምምድ ችሎት ማን ለማን ጥብቅና እንደሚቆም በዕጣ አከፋፈለችን። ከዚያ ሁሉ ተማሪ ጠመንጃ ሻጩ ለእኔ ደረሰ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ክርክሩ ከአሜሪካ የመጣ ነው። እዚያ የጦር መሣሪያ ንግድን የሚቆጣጠር፣ መርማሪዎቹ የታጠቁ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አለ። ነጋዴዎች ጠመንጃውን በቁርጥራጩ ሳጥን ውስጥ አድርገው መሸጥ ጀመሩ። ገዢው ቤቱ ወስዶ፣ እዚህም እዚያም ቦርቡሮ ይገጣጥመዋል፤ መለያ ቁጥር የለው፣ የገዢ ስም የለው። መሥሪያ ቤቱ «ሳጥኑም ጠመንጃ ነው፤ ቁጥር ይመታበት፣ ሻጩም ፈቃድ ያውጣ» የሚል ደንብ አወጣ። ሻጮቹ ከሰሱ። «ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ ጠመንጃ ይላል እንጂ ሳጥን አይልም፤ ሕግ የማስፋት ሥልጣን ማን ሰጣችሁ?» አሉ። የእኔ ሥራ ይህንኑ ቆሞ ማለት ነበር።

እኔ ደግሞ የጠመንጃ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ወንድሜ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበረው ግርግር በጥይት ሞቷል። ለጫማ ሰፊ የሰጠውን ጫማ ሊያመጣ ነበር የወጣው። እናቴና እኔ ለንደን የመጣነው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ አጠገብ ልብስ የሚያሳጥሩበትና የሚያሰፉበት ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ እቤትም የስፌት መኪና አላት።

መምህሯ ዕጣዬን እንድትለውጥልኝ ለመንኳት። «ደንበኛሽን ውደጂው አላልኩሽም፤ ጥያቄው ትክክል መሆን አለመሆኑን ብቻ እዪ» አለችኝ። ፈገግ እያልኩ በልቤ በአማርኛ ሰደብኳት።

የፈራሁት ግን መምህሯን አልነበረም፤ እናቴን ነው። አንዱን ልጇን ጥይት ወስዶባታል። የቀረቻት ልጇ ለጥይት ሰዎች ስትከራከር ከሰማች ዳግመኛ በደህና ዓይን አታየኝም ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ደበቅኳት። ለችሎቱ ጥቁር ኮት እንደሚያስፈልገኝ ብቻ ነገርኳት፤ ደስ ብሏት ጨርቅ ገዛችና ለካችኝ።

አንድ ሰኞ ከሰዓት ሥራ ስላልነበረኝ ቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆሜ ክርክሬን እለማመድ ነበር። እናቴ ከአውቶቡስና ከሐኪም ቤት ያለፈ እንግሊዝኛ የላትም። ጠመንጃ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ግን ታውቃለች። ዞር ስል ልኬት መውሰጃውን አንገቷ ላይ ጥላ በሩ ላይ ቆማለች።

«ስለ ጠመንጃ ምንድን ነው የምታወሪው?»

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ዞራ ሄደች።

ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ምግቤን ታቀርባለች፤ ትሄዳለች። «እማዬ» ስላት «አቤት» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የላትም። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የኮቴን ጨርቅ ቆራርጣ ዘርግታዋለች፤ ጀርባው፣ ደረቱ፣ ሁለቱ እጅጌዎች፣ ገበሩ።

«ነይ እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨርቅ ነዋ።»

«ጨርቅ! በልክሽ ተቆርጧል። መጋረጃ አይሆን፣ የትራስ ልብስ አይሆን፤ የቀረው መርፌና ክር ነው። ኮት ነው ይሄ። ያ ሳጥን ሻጭም ምን እንደሚሸጥ አሳምሮ ያውቃል። ሂጂና ይህን ንገሪያቸው።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ለእሱ ነው የቆምኩት።»

«እንግዲያው ትረቻለሽ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ቀጥሎ፣ እንደ ልማዴ፣ ተናደድኩ። ስንት ሳምንት መጽሐፍ ያገላበጥኩበትን ክርክር በመቀስ ቆራረጠችው።

«እሺ፣ ኮት ይሁን» አልኳት። «ግን ኮት ነው ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ቢሮ የተቀመጠ ሰው ዛሬ ጨርቁን ኮት ካለ፣ ነገ ክሩንም ኮት ቢለውስ? አንድ ሰው ተነስቶ ማን ፈቀደልህ ሊለው አይገባም?»

መቀሱን አስቀመጠች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኔም ጠይቄ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ወንድምሽን ላመጣ ሐኪም ቤት የሄድኩ ዕለት። በሩ ላይ መሣሪያ የያዘ ልጅ ቆሟል። መግባት ክልክል ነው፣ ትዕዛዝ ነው አለኝ። የማን ትዕዛዝ? አልኩት። ደግሜ ጠየቅኩት። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዞረው። መልሱ ያ ነበር።»

ይህን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም። አንጀቴን በላችው፤ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ጠመኔውን አንስታ ጨርቁ ላይ የደበዘዘውን መስመር ደግማ አሰመረች።

«አንቺ እዚያ ስትጠይቂ ይመልሱልሻል?»

«ግዴታቸው ነው። መሥሪያ ቤቱም ጠበቃ ያቆማል። ሥልጣኑን ከየትኛው አንቀጽ እንዳገኘው ማሳየት አለበት።»

«መሣሪያ እያለው?»

«መሣሪያ እያለው።»

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ያደገች ሴት ናት። «እኔም እመጣለሁ» አለች።

ችሎቱ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ኮቱ ደርሷል፤ የቀኝ እጅጌው ብቻ ገና አልተሰፋም። እናቴ ከውስጥ በኩል በነጭ ክር እዚህም እዚያም ያዝ ያዝ አደረገችውና «ይበቃሻል፤ ብቻ እጅሽን አታንሺ» አለችኝ። በሃያ ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ቆሜ ቀኝ እጄን እንደ ታመመ ሰው ደረቴ ላይ ለጥፌ ነበር።

መምህሯ ዳኛ ሆና ተቀመጠች። እናቴ የፊተኛው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋለች። ተነሳሁ። ያጠናሁትን ከሞላ ጎደል ተናገርኩ፤ መሐል ላይ ግን ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

«የደንበኛዬን ንግድ አልወደውም፤ አብሬው ሻይ አልጠጣም» አልኩ። «ነገር ግን መሣሪያ ያለው መሥሪያ ቤት ትዕዛዝ ነው ሲል፣ አንድ ሰው የማን ትዕዛዝ ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ ለማንወደው ሰው ካልተጠየቀ፣ ለምንወደው ሰው ቀን ሲመጣ የሚጠይቀው አይገኝም።»

የማን ትዕዛዝ የሚለውን ሳላስበው በአማርኛ ነበር ያልኩት፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት ቆይቼ ነው። እናቴ ቀና አለች።

ለመሥሪያ ቤቱ የቆመው የክፍል ጓደኛዬ ሂትሮው አየር ማረፊያ ሻንጣ የሚፈትሽ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወደ እኔ ዞሮ «ጥያቄሽ ይገባል፤ መልሱም ይኸውና» አለ። ሕጉን ገለጠ። በቀላሉ ወደ ጠመንጃ የሚለወጥን ነገር ሕጉ ራሱ ጠመንጃ እንደሚለው ቃል በቃል አነበበ። ቀጠለና «እኔ በሥራዬ ተፈታትቶ የመጣ ነገር በየቀኑ አያለሁ፤ ተፈታቷል ብዬ አላሳልፈውም» አለ።

መምህሯ ለእሱ ፈረደችለት። እኔ የጠየቅኩት መጠየቅ ያለበት መሆኑን፣ መሥሪያ ቤቱ ግን ከሕጉ መልስ እንዳገኘለት ተናገረች። ተረታሁ።

ሲያበቃ መምህሯ መጥታ እጇን ዘረጋችልኝ። ረስቼ እጄን ሳነሳ ክሩ ተበጠሰና ትከሻዬ ላይ እጅጌው ተከፈተ። ነጩ ክር እንደ ጢም ተንጠለጠለ። እናቴ በአማርኛ የሆነ ነገር አለች።

«ምን አለች?» ብላ ጠየቀች መምህሯ።

«ከጠዋት ጀምሮ ሁላችሁም ኮት መስሏችሁ ነበር ትላለች» አልኳት።

መምህሯ እርሳሱ ከፀጉሯ እስኪወድቅ ሳቀች። «እናትሽ የፍርዴ ጠበቃ ናት ለካ፤ ተሰፍቶ ሳያልቅም ኮት ነው» አለችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጣቶቿ ከትከሻዬ ላይ ነጩን ክር አንድ በአንድ ይለቅማሉ።

«ተረታሁ እኮ፣ እማዬ።»

«የተረታው ጠመንጃው ነው» አለች። «አንቺማ ጠየቅሽ። ሰውየውም ቆሞ፣ ፊት ለፊት እያየሽ፣ ከመጽሐፍ አንብቦ መለሰልሽ።»

የለቀመችውን ክር ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ፊንስበሪ ፓርክ እስክንደርስ በመስኮት ታይ ነበር። ልንወርድ ስንነሳ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሌላ ጊዜ ግን ያንን ጥያቄ መጀመሪያ ላይ አድርጊው» አለችኝ። «መሐል ላይ ቀበርሽው። እስክትደርሺበት ድረስ ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ አታውቂም።»