ሙስሊማና የዓርብ አጋሯ

ሙስሊማ ይማም ካርታ ትጫወታለች። ከዚህ የምጀምረው ከተማችን መካነ ሰላም ላይ ስለ እሷ የሚወራው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው። ቁማርተኛ ናት የሚሉ አሉ፤ ውሸታቸውን ነው። እኔ የታናሽ ወንድሟ የአሕመዲን ሚስት ነኝ፤ በአንድ ግቢ ስንኖር አራት ዓመታችን ነው፤ አንዲት ሳንቲም ስታስይዝ አላየሁም። አባቷ ሸኽ ይማም እንኳ፣ ስንቱን ደረሳ ቁርኣን ያስቀሩት፣ ያስተማሩት ሰውዬ፣ አንድ ዓርብ አጠገቧ ቆመው ካዩ በኋላ «ገንዘብ የለበትም?» ብለው ጠየቁ። የለበትም ስትላቸው «እንግዲያ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስጮህሽ?» ብለው ሄዱ። እኔም ያኔ መልሱን አላውቅም ነበር።

ጨዋታው ብሪጅ ይባላል። ያስተማረቻት ኩዌት ዘጠኝ ዓመት የሠራችላት ግብፃዊት ባልቴት ናት። ባልቴቷ ከእህቷ ጋር መጫወት ትወዳለች፤ ጨዋታው ግን ያለ አራት ሰው አይሆንም፤ ወዳጆቿ ግማሹ ሞተዋል፣ ግማሹ አገራቸው ገብተዋል። ቢቸግራት አስታማሚዋን ሙስሊማንና ምግብ አብሳይዋን ሰብሌን ፊት ለፊት አስቀምጣ አጋር አደረገቻቸው። ሰብሌ የደቡብ ምዕራቧ ማሻ ልጅ ናት። እዚህ ቢሆኑ ዕድሜ ልካቸውን ላይተዋወቁ ይችሉ ነበር፤ እዚያ ግን አንዷ የሌላዋን ጾም እየጠበቀች፣ አንድ ክፍል ተኝተው ዘጠኝ ዓመት ኖሩ።

ሙስሊማ እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ ካርታው ከመጣሉ በፊት ጥሪ አለ። ስንቱን ዙር እንደምታሸንፍ በየተራ ትጠራለህ፤ የምትጠራው ከፊተኛው ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ አቅም ከሌለህ «ፓስ» ብለህ ታልፋለህ። ከዚህ ሌላ ለአጋርህ አንድ ቃል መተንፈስ፣ መጥቀስም ክልክል ነው። ስለዚህ አጋሮች «እኔ እንዲህ ከጠራሁ እጄ ላይ ይህን ያህል ነጥብ አለ ማለት ነው» ብለው አስቀድመው ይስማማሉ።

ሰብሌ መጀመሪያ ላይ ጨርሶ አልሆነላትም። ካርታው ጠፍቷት አይደለም። ሙስሊማ በሰባት ዓመት ትበልጣታለች፤ እና ታላቋ በልብ ካርታ «አንድ ልብ» ብላ ከጠራች፣ እሷ እጇ ሙሉ ትልልቅ ካርታ፣ አስና ንጉሥ ይዛ «ሁለት ልብ» ትልና ቁጭ። ከዚያ በላይ መጥራት ድፍረት መሰላት። ባልቴቷ ጠረጴዛውን እየደበደበች «እዚህ ታላቅና ታናሽ የለም!» ትል ነበር አሉ። ስምምነቶቻቸውን የሚጽፉበት ደብተር ላይ የመጀመሪያው ይኸው ነው፦ «ካርታ ላይ ይሉኝታ የለም።» በሰብሌ እጅ የተጻፈ ነው።

ባልቴቷ ስትሞት ሙስሊማ ወደ አገሯ ገባች፤ ሰብሌ እዚያው ሌላ ቤት ተቀጠረች። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ሰብሌ እረፍት ስትወጣ፣ በስልክ፣ በኢንተርኔት ይጫወታሉ። ባላጋራዎቻቸው ከየት እንደሆኑ የማይታወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ጨዋታው ሲያልቅ ጭቅጭቁ ይጀመራል፤ በድምፅ መልእክት።

«አስራ አንድ ነጥብ ይዘሽ ለምን ሦስት አልጠራሽም?» ትላለች ሙስሊማ።

«እታለም፣ ያ ስምምነት ባለፈው ተቀይሯል እኮ፣ ደብተርሽን እዪ!»

ርስት የሚካፈሉ ነው የሚመስሉት። ኔትወርክ በጠፋበት ዓመት እንኳ ሙስሊማ አልተወችም። ሁለት ደብተር ሙሉ «ለሰብሌ የሚቀርብ» እያለች ማሻሻያ ጻፈች። መስመሩ የተመለሰ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ አነበበችላት። ሰው ናፍቆቱን እንዲህ ነው እንዴ የሚናገረው? እኔ ብሆን አልቅሼ እገላገል ነበር።

የሚያናድደኝ ግን የሱቁ ነገር ነው። ሙስሊማ አስፋልቱ ዳር ሁለት ክፍል ሱቅ አላት። በአንዱ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ሌላው ባዶ ነው። ሰብሌ መጥታ ዳቦ ቤት ትከፍትበታለች ተብሎ። መጀመሪያ ለመስከረም እመጣለሁ አለች፣ ከዚያ ለፋሲካ፣ ከዚያ ደግሞ ኢንሻአላህ ለመውሊድ። የፋርማሲው ባለቤት ክፍሉን አከራዪኝ ብሎ ሦስት ጊዜ መጥቷል፤ ሦስቴም «ሰው አለው» ብላ መለሰችው። ዕቃ ላስቀምጥበት ብላት እኔንም ከለከለችኝ። በየሳምንቱ ትጠርገዋለች፤ ማንም ያልረገጠውን።

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ፣ የሱቁ ደረጃ ላይ አብሬያት ተቀምጬ ጤፍ እለቅማለሁ፤ በተከታታይ ተሸነፉ። ሰብሌ ከፍ ከፍ አድርጋ እየጠራች፣ ካርታው ሲዘረጋ እጇ ላይ ምንም የለም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሙስሊማ ተናዳ ስልኩን አፏ ላይ ደቀነችው።

«ሰብሌ፣ ባዶ እጅሽን ምን ያስጠራሻል? እኔን ደስ ለማሰኘት ነው? እኔ እኮ አንቺ ባልሽው ላይ ነው የምጨምረው። ከሌለሽ ፓስ በይ! ነውር የለውም። ይህን ስምምነት ዛሬ እንጻፈው።»

መልሱ ዘገየ። ኔትወርኩ ሄዷል ብለን ነበር። ሲመጣ የሰብሌ ድምፅ ቀጭን ነበር።

«እታለም፣ ያን ቤት አከራዪው። አዲስ ኮንትራት ከፈረምሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ከዚያም በኋላ ተመልሼ አገር ቤት የምኖር አይመስለኝም። እመጣለሁ ስልሽ የኖርሁት እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

እኔ ጤፉን ተውሁት። አራት ዓመት አከራዪው እያልሁ ስጨቀጭቅ የኖርሁ ሰው፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ አላለኝም። ሙስሊማ ግን ሳቀች። እውነት የሚመስል ሳቅ ነው የሳቀችው።

«ውይ አንቺ ልጅ! ይህን ለመናገር ነው እንዲህ የተጨነቅሽው? እኔ እኮ ቤቱን ድሮ ነው ያከራየሁት። ለፋርማሲው ሰውዬ። አንቺን እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልነገርሁሽ። አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ።»

ዓይኔን አፍጥጬ አየኋት። ክፍሉ ከኋላችን ነው፤ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ጠዋት የጠረገችበት መጥረጊያ ጥግ ላይ ቆሟል። ልናገር አፌን ስከፍት በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

ሰብሌ በዚህ ጊዜ አልዘገየችም።

«እታለም፣» አለች፤ «ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊትሽ ተቀምጫለሁ። አንቺም ፓስ በይ።»

ሙስሊማ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ የድምፅ መቅጃውን ተጭና፣ በአራት ዓመት ውስጥ ካፏ ሰምቼው የማላውቀውን ተናገረች።

«አላከራየሁትም፣ ሰብሌ። ባዶ ነው። ናፍቀሽኛል።»