ይሉኝታ ያላት ሰዓት

አባቴን እናቴ ነበረች የምትቀሰቅሰው። አትጠራውም፤ እግርጌው ቆማ ትስላለች። እስኪነሣ ሁለቴም ሦስቴም ትስላለች እንጂ "ተነሥ" የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እሷ ስትሞት አምቦ ያለው ቤታችን የሚስል ሰው አጣ።

አባቴ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው። ስኳር በሽታ ካገኘው ጀምሮ ጠዋትና ማታ ምግብ ከመቅመሱ በፊት መርፌ ይወጋል። መድኃኒቱን ሙቀት እንዳያበላሸው እርጥብ አሸዋ በሞላበት ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ "ኦቦ፣ በዚህ መርፌ ቀልድ የለም፤ ሰዓት ካዛቡ ይወድቃሉ" ብላ አስጠንቅቃዋለች። ማታ ማታ ጎረቤታችን የሆነችው ነጋዴ ሴት ራት ስታመጣለት ታስታውሰዋለች። ጠዋት ግን ብቻውን ነው፤ ከእናቴ ሞት ወዲህ ደግሞ እንቅልፉ ከብዷል።

እኔ ያን ጊዜ ጎጆ በምትባል ከተማ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ከአምቦ ሩቅ አይደለም፤ ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ በጭቃ ተበላሽቶ ሩቅ አገር ያደርገዋል። በወር አንዴ ቤቴን ካየሁ ዕድለኛ ነኝ። ስለዚህ የምትቀሰቅሰው ሰዓት ልሠራለት ተነሣሁ።

የሱቅ ሰዓት አይሆነውም። የገበያ ቀን ወፍጮው ማልዶ ስለሚነሣ አባቴ አስራ አንድ ሰዓት መንቃት አለበት፤ በሌላው ቀን አስራ ሁለት ተኩል ይበቃዋል፤ እሑድ ደግሞ ቸርች እስኪገባ አንድ ሰዓት ድረስ ይተኛል። ቀኑን ራሷ የምታውቅ ሰዓት አስፈለገች። ከመርካቶ ፕሮግራም የሚጻፍባት ቺፕ ገዛሁ፤ የተበላሸ ሬዲዮ ሣጥን ቤት ሆናት፤ መብራት ሲጠፋ እንዳትሞት የሞባይል ባትሪ አሰርኩላት። ፊቷ ላይ አንዲት ትልቅ ቁልፍ አለች፤ በቀይ ቀለም "ነቅቻለሁ" ብዬ ጻፍኩባት። አባቴ ቁልፏን ሲጫን የነቃበትን ሰዓት ትመዘግባለች። ቀድሟት ከነቃ በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ትላለች፤ ከዘገየ ደግሞ ትዘገያለች።

የሒሳብ መምህሩ ባልደረባዬ ሥራዬን አይቶ "እስኪነሣ ለምን አትጮህም? ሰዓት ምን ይሉኝታ አላት?" አለኝ።

"አንተ አባትህ ላይ ትጮሃለህ?" አልኩት።

ሳቀብኝ። እኔ ግን የእናቴን ሳል አስቤ ሦስት ጊዜ ብቻ እንድትጠራው፣ ከዚያ ዝም እንድትል አደረግኳት። ቁልፏን ካልተጫነ በማግስቱ አሥር ደቂቃ አዘግይታ ትጠራዋለች። ለሽቦ ጨዋነት አስተማርኩ ብዬ ኮርቼ ነበር።

በሦስት ሳምንት ውስጥ የገበያውን ቀን ከሌላው ለይታ አወቀች። አባቴ ሰፈሩን ሁሉ እየጠራ አሳያት። ወፍጮ ቤት ለሚሰለፉት "የልጅ ልጅ ስጪኝ ብላት ሰዓት ወለደችልኝ!" እያለ ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

ክረምት ገባ፤ መንገዱ ተበላሸ፤ በስልክ ብቻ እንገናኝ ጀመር። ስደውል "አከም ቡልተን፣ አባ" ብዬ በኦሮምኛ የጠዋት ሰላምታ እሰጥና ጤናውን ሳልጠይቅ "ሰዓቷ ደህና ትሠራለች?" እላለሁ።

"በሰዓቷ ትቀሰቅሰኛለች፣ ኢንተላኮ፣ ልጄ። አንድ ቀን አላሳፈረችኝም" ይለኛል።

አልዋሸኝም። እኔም ስንት ሰዓት እንደምትቀሰቅሰው ጠይቄው አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ደወለች። እኩለ ቀን ላይ በሩን ብታንኳኳ መልስ ስላጣች ገብታ አልጋው ላይ ራሱን ስቶ አገኘችው። ድንች በጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ጭቃው ውስጥ ሁለቴ ወርጄ እየገፋሁ፣ በማግስቱ ሆስፒታል ደረስኩ። እጁን ያዝኩት፤ አላወቀኝም። ከዚያ ወዲያ አንድ ሌሊት ብቻ አደረ።

ጎረቤታችን ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች። "ልጄ፣ ሰዓቷ ስትጠራቸው ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል። በኋላ በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ ስትጠራ እሰማ ነበር። ዛሬስ ረፈደባቸው እልና፣ የልጃቸው ሰዓት እያለች እኔ ማን ነኝና የሰው አባወራ ከአልጋ እቀሰቅሳለሁ ብዬ ተውኩት።"

በእሷ አልፈረድኩም። እሷም ይሉኝታ ነው የያዛት።

ማታ የሰዓቷን መዝገብ ከፍቼ አነበብኩ። መጀመሪያ አስራ ሁለት ተኩል ይነሣ ነበር። ቀጥሎ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ከሃያ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ተኩል። አንዳንዱ ቀን ባዶ ነው፤ ጨርሶ አልተጫናትም። ማሰሮው ውስጥ ያልተነካ መድኃኒት ተርፎ አገኘሁ። አባቴ ረፍዶበት ሲነሣ ወፍጮው እየጠበቀው መርፌውን ትቶ ይሮጥ ነበር፤ መርፌው በቀረ ቁጥር ሰውነቱ ይደክማል፤ በማግስቱ የባሰ ይረፍድበታል። ሰዓቷ ደግሞ አዛውንት ላለማስከፋት አብራው ኋላ ኋላ ትላለች። ጮኻበት ቢሆን ኖሮ ይሰድባት ነበር፤ ግን ይነሣ ነበር። ገደልኩት ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እዚህ ግን ጻፍኩት።

በቀብሩ ማግስት ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ፣ ለቅሶ ደራሹ ተቀምጦ ሳለ፣ ሰዓቷ ከመኝታ ቤት ሦስት ጊዜ ጠራችውና ዝም አለች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ሽማግሌ "አጥፊያት እንጂ" አሉኝ። አልቻልኩም። በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ጠራች፤ በሦስተኛው ቀን አራት ከአሥር። መቼ እንደሚነሣ ስላላወቀች ትጠብቀው ነበር።

በአራተኛው ቀን አራት ከሃያ ላይ ስትጠራው ተነሥቼ ገባሁ። አልጋው ተነጥፏል። አጠገቧ ተንበርክኬ ቁልፏን በጣቴ ተጫንኩላት፤ ከዚያም ባትሪዋን ነቀልኩ። መዝገቧ ዛሬም የመጨረሻው መስመር ላይ አባቴ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነቅቷል ይላል።