ሆሳዕና ያላረመችው ዘመን

ሆሳዕና የቤቴል ሰፈር ልጅ ናት። ቀን ቀን አንድ ክሊኒክ ውስጥ የካርድ ክፍሉን ኮምፒውተሮች ትጠብቃለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ከታናሽ ወንድሜ ከአምሐ ጋር የጀመሩትን ፕሮግራም ትሠራለች። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ፣ የእኛን ወደ ፈረንጁ የሚቀይር ነው። በነጻ ይሰጣል፤ ኮዱም፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት መመሪያ፣ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ሰው ወስዶ ያሻሽለዋል። አምሐ ባለፈው ጥር አረፈ።

ግንቦት ላይ፣ ኮዱ የተቀመጠበት ድረ ገጽ ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። ወደ ሌላ መዛወር ግድ ሆነ። ሆሳዕናና አብሯቸው የሚሠራው ግሩም፣ በአምሐ ኮምፒውተር ላይ የቀረ ሥራ እንዳለ ለማየት አስኮ ወዳለው ቤታችን መጡ። ሻይ ቀዳሁላቸው፤ ዳቦ ቆረስኩ።

እንዲህ ያለው ድረ ገጽ የሚይዘው ኮዱን ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ እንደሠራው ጭምር ይመዘግባል፤ ቀኑንም ከሠሪው ኮምፒውተር ይወስዳል። ችግሩ እዚያ ላይ ነበር። አምሐ ፕሮግራሙን ሲሞክር የኮምፒውተሩን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞላው፤ ከዚያ በኋላ አልመለሰውም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ፕሮጀክቱ ሳይወለድ የተሠራ መስሏል።

«ጳጉሜን ሲደርስስ ምን ያደርግ ነበር?» አለ ግሩም እየሳቀ።

«ኮምፒውተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር አልቀበልም ሲለው አኩርፎ ያርፍ ነበር» አለች ሆሳዕና።

«ሆሲ፣ የለውጦቹን ታሪክ እንተወው። የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ወስደን በንጹሕ እንጀምር።»

«በማን ስም?»

«አዲሱ ቦታ ላይ በሚጭነው ሰው ስም ነዋ። አምሐን ከታች እናመሰግነዋለን።»

«አምሐ ሻይ አላፈላልንም። ኮዱን ነው የጻፈው።»

«እሺ፣ ቢያንስ ቀኑን እናርመው። የሟች ስህተት ታቦት ነው እንዴ? ፈረንጆቹ ይስቁብናል።»

«ይሳቁ። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ፕሮግራም ሠርተን በዘመን አቆጣጠራችን ልናፍር ነው?»

ግሩም ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሯት እንጂ።»

«ወንድሜ ሲሠራ አይቻለሁ» አልኩት። «ሌላ የማውቀው የለም።»

ሆሳዕና ላፕቶፗን ከፈተችና ሙሉ ታሪኩን ማዛወር ጀመረች። መሐል ላይ ኔትወርክ ተቋረጠ፤ በራሷ ስልክ አገናኝታ እንደገና ቀጠለች። ሲያልቅ የአምሐ ሥራ ከነስሙ፣ ከነቀኑ አዲሱ ቦታ ላይ ተደረደረ። የፊት ገጹ ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «ከመሥራቾቹ አንዱ ቀኑን በአገሩ አቆጣጠር ይመዘግብ ነበር። እንዳታርሙት።»

በሳምንቱ አዲሱ ቦታ ላይ የመጀመሪያው የማሻሻያ ጥያቄ ደረሰ። የላከው ግሩም ነው፤ የአምሐ ቀኖች ይታረሙ ይላል። ሆሳዕና «አይሆንም» ብላ ዘጋችው። ደወለላት፤ ተጨቃጨቁ። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም። በማግስቱ ሌላ ሥራ ላከ፤ ስልክ ላይ ፊደሉ እየተቆረጠ ያስቸገረውን አስተካክሎ። እሱን ወዲያው ተቀበለችው።