ለከዲጃ ያልነገርኳት ሕግ

ባለፈው እሑድ የልጄ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «እማማ፣ ዳማ ትችያለሽ አሉ፤ እስቲ ከስልኩ ጋር ግጠሚ» አለኝ። መነጽሬን ፈልጌ፣ ጣቴን በቀሚሴ ጠርጌ ገባሁበት። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ስልኩ እምቢ አለኝ። መብላት ያለብኝ ጠጠር ኖሮ፣ እሱን ካልበላሽ ሌላውን አላስነካሽም ብሎ ድርቅ አለ፤ ብጫነው፣ ብደበድበው፣ ወይ ፍንክች! «አየሽ፣ ይሄ ሕጉን አያስረሳም» ብሎ ልጁ ሲስቅ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። እናቱ ከጓዳ ብቅ ብላ «ኧረ እማዬ፣ በጨዋታ!» አለችኝ። በጨዋታ! እኔ በዚህ ጨዋታ የተቀየምኩት ሰው አለኝ፤ ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል፣ ቂሜ ግን ዛሬም ትኩስ ነው።

ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ሁለት የፓፓያ ዛፎች ነበሩ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የጋሪ ፈረሶች ጭቃውን እስከ በራችን ይረጩት ነበር። አባቴ ጣቢያው ውስጥ ጸሐፊ ነበር። ዳማ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሰሌዳውን ከሻይ ሳጥን ክዳን ሠርቶ፣ ግማሹን ቆርኪ በጀርባው፣ ግማሹን በሆዱ አስተኝቶ፣ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ይገጥመኝ ነበር። ልጅ ናት ብሎ ማዘን የሚባል ነገር አያውቅም። ተሸንፌ ሳለቅስ፣ አልቅሼ እስክጨርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝና «በይ እንደገና ደርድሪ» ይለኛል። አሥራ ሦስት ዓመት በሞላኝ ክረምት፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ከሦስት ባልደረቦችህ ጋር ቢሮ ውስጥ ተሰብስበሃል ብለው የአብዮት ጠባቂዎች ወሰዱት። ሻይ ነበር የሚጠጡት። አዲስ አበባ እስር ቤት አስገቡትና፣ እዚያ የምትኖረው አክስቴ ስንቅ ታመላልስለት ጀመር፤ እኛ ግን ዓይኑን ማየት አልቻልንም። ያለ ቀበሌ ይለፍ ወረቀት ኬላ ላይ ከአውቶብስ ያወርዱሃል፣ ቀበሌው ደግሞ ለእስረኛ ቤተሰብ ይለፍ አይሰጥም። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመላለሰች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ «ነገ ነይ» አሏት።

ታዲያ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ፣ በነሐሴ፣ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የዳማ ውድድር በቀበሌያችን አዳራሽ ይደረጋል ተባለ። የሴቶችም አለበት፤ ናዝሬት ግን ከእኔ በቀር ዳማ የምትችል ሴት አልነበራትም። የወጣቶቹ ሊቀመንበር ጓድ ታፈሰ፣ እናቴን በር ላይ ያስለቀሳት ያው ሰውዬ፣ ለዋንጫው ሲል የማን ልጅ መሆኔን ረስቶ ቤታችን ድረስ መጣ። አሸናፊዎች ለአብዮት በዓል አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ ይለፉን እኔ ራሴ እፈርማለሁ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁትም። አባቴን ላየው ነው!

እንግዶቹ ከዝዋይ፣ ከሞጆ፣ ከአርሲ ነገሌ፣ ከአቦምሳ ሳይቀር መጡ፤ ችግሩ ሁሉም የየራሱን ዳማ ይዞ መምጣቱ ነበር። የሞጆ ንጉሥ፣ ሰሌዳውን አቋርጦ የነገሠው ቆርኪ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ይበራል፣ የዝዋይ ንጉሥ አንድ አንድ እርምጃ ነው የሚሄደው፣ አቦምሳዎች ደግሞ ተራው ቆርኪ ወደ ኋላም ይበላል ብለው ሙጭጭ። አንድ መምህርና አንድ ልብስ ሰፊ፣ ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች፣ ኮሌታ ለኮሌታ ተያያዙ። በመጨረሻ ኮሚቴ ግማሽ ቀን ሲጨቃጨቅ ውሎ ሕጉን በታይፕ አስመታና በዚያ በሚንጫረር ድምፅ ማጉያ አንድ ጊዜ አነበበልን። ከአብዮቱ ወዲያ የሚነግሥ የለም ተብሎ ንጉሥ የሚለው ቃል ተሰርዞ «ትልቁ ቆርኪ» ተብሏል፤ ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ከሕጎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ መብላት እየቻለ ያልበላ ተጫዋች፣ ሊበላበት ይገባው የነበረው ቆርኪ ይነሳበታል።

ከዲጃ የደረሰችው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ እንደኔ፤ የተሳፈረችበት ኤንትሬ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ጎማው ፈንድቶ፣ ገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ውላ መጣች። እንግዶቹን ለየቤቱ ሲያከፋፍሉ እሷ ለእኛ ደረሰችን። ፍልሰታ ስለነበር እኛ ጾመን ውለን የምንበላው ሽሮ ነው፤ ለከዲጃ ግን ወተት ይፈላላታል፣ እንቁላል ይቀቀልላታል። «እንግዳ ናት፣ ጾሙም የእሷ አይደለም» ትላለች እናቴ። እኔ አንጀቴ ታጥፎ የወተቱ ሽታ አፍንጫዬን ይሰነጥቀዋል። ልጅቷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እናቴን «አካም ቡልታን» ብላ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደረች ሳትጠይቅ አትውልም፣ ሳትታዘዝ ውኃ ትቀዳለች፣ ግቢ ትጠርጋለች። ጠላኋት። ጥሩ ልጅ በመሆኗ ጭምር ጠላኋት። አዲስ አበባ ምን ልትሠሪ ነው ብላት «ፎቅ ለማየት፣ ወላሂ ፎቅ አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ፎቅ! እኔ አባት፣ እሷ ፎቅ!

በአባቴ ሰሌዳ ስንለማመድ ሁለት ጊዜ መብላት ሲኖርባት ሳትበላ አለፈች። በነገሌ ዳማ ለካ መብላት በፈቃድ ነው። አየሁና ዝም አልኩ። በማግስቱ፣ ወደ አዳራሹ ስንሄድ፣ ጭቃውን እየዘለለች እጄን ያዘችና «እኔ ሳልደርስ ያነበቡት ሕግ ከእኛ የሚለይ ነገር አለው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም የለውም፣ ያው ዳማ ነው» አልኳት። ሌላ ሰው አልጠየቀችም፣ እኔን አመነች። በመጀመሪያ ጨዋታዋም መብላት ሲኖርባት ብታልፍ፣ የገጠመቻት የዝዋይ ልጅ ሕጉን ራሷ ረስታው አለፈላት።

ፍጻሜ ደረስን፤ እኔና እሷ። ስትጫወት ለካ ሌላ ሰው ናት፣ ያቺ ትሁት ልጅ ጥርሷን ነክሳ ቆርኪዎቼን ለቃቀመቻቸው። ንጉሥ አወጣች። የጓድ ታፈሰ ፊት ጠቆረ። ያኔ አንድ ቆርኪ ገፋ አድርጌ ለንጉሧ ሰጠኋት፤ ብትበላው ንጉሧን መልሼ እበላዋለሁ። ገባት፤ አልሞኝም እንደማለት ፈገግ አለችልኝና ሌላ ቆርኪ አንቀሳቀሰች። እጄን አወጣሁ። «ጓድ ዳኛ፣ አልበላችም!» ዳኛው ወረቀቱን አነበበና ንጉሧን ከሰሌዳው አነሳው። ከዲጃ ዳኛውን አየችው፣ ወረቀቱን አየችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጠይቄሽ ነበርኮ» አለች፣ ቀስ ብላ። «አፍ ካለሽ ዳኛውን አትጠይቂም ነበር?» አልኳት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ነው ያልኳት። ንጉሧ ከተነሳ በኋላ ማሸነፉ አልከበደኝም። ስትሄድ እናቴን አቅፋ ሳመቻት፣ እኔን ግን ዞርም ብላ አላየችኝም። ዛሬም ወደ ሻሸመኔ ስሄድ አውቶብሱ ነገሌ ላይ ሲቆም አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው።

አዲስ አበባ እስር ቤቱ በበዓሉ ሰበብ አሥር ደቂቃ ፈቀደልን። መሐላችን ሁለት ረድፍ ሽቦ አለ፣ በሽቦዎቹ መካከል ጠባቂ ይመላለሳል። አባቴ ኮቱ ሰፍቶት፣ ጢሙ ሸብቶ ወጣ። እንዴት መጣሽ አለኝ፤ ይስቅልኛል ብዬ እንዴት እንዳሸነፍኩ ከነብልጠቱ ነገርኩት። አልሳቀም።

«ጠይቃሽ ነበር?»

«አዎ።»

«አልነገርሻትም?»

ጣቴን ሽቦው ላይ አሳረፍኩ።

«ልጄ፣ እኔም እዚህ የገባሁት እኮ ማንም ያልነገረኝን ሕግ ጥሰሃል ተብዬ ነው።»

ደሜ ፈላ። ሁለት ዓመት ቆጥሬ፣ ነፍሴን ሸጬ የመጣሁት ይሄን ልሰማ ነው? «ለማን ብዬ መሰለህ? አንተን ላይ ብዬ አይደል እንዴ!» ብዬ ጮኽኩበት፤ ጠባቂው ሳይቀር ዞሮ አየኝ። አባቴ መሬት መሬቱን አየ። እኔም አኮረፍኩ። የቀረችንን ደቂቃ ሁሉ እንደዚያ ተኳርፈን ቆመን ጨረስናት። ጠባቂው «በቃ!» ሲል ቀና ብሎ «እናትሽን...» አለ፤ እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። እየሰማሁት ሄድኩ።

ናዝሬት ስመለስ እናቴ በራችን ላይ ነበር የጠበቀችኝ። «ምን አለሽ? ለእኔስ ምን አለ?» ምን ልበላት? ሲያየኝ ሳቀ፣ ስለ ውድድሩ ስነግረው በሁለት እጁ አጨበጨበ አልኳት፤ «እናትሽን አደራ፣ እሷን ሳላይ አልሞትም በያት» ብሎኛል አልኳት። በኅዳር ስንቁ ተመለሰ፤ አክስቴን ከእንግዲህ አታምጪ አሏት። እናቴ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ኖረች። በዓል በመጣ ቁጥር አስቀምጣኝ ያንን አሥር ደቂቃ ታስተርከኛለች፤ አንዳንዴ ስዘነጋ «አጨበጨበ ብለሽ ነበርኮ» ብላ ታርመኛለች። ያንኑ ይዛ ሞተች፣ ነፍሷን ይማረው።

እኔ አባቴን ይቅር አላልኩትም። ለዚያች ለአንድ ሰሞን እንግዳ የቆመውን ያህል ለእኔ ቢቆም ምን ነበረበት እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እውነቱን መናገሩ ትዝ ይለኝና የባሰ እናደዳለሁ። አስቤ አስቤ ሲደክመኝ የምመለሰው ግን እዚያችው ሽቦ ሥር ነው። እናትሽን ምን? ሰላም በይልኝ ነው? ጠብቂልኝ ነው? ዞር ብል ኖሮ ይነግረኝ ነበር።