ለድንኳን የሚሆን ፎቶ

ቅናት ሲይዘኝ መጀመሪያ የሚሞቀኝ ጆሮዬ ነው። ከጆሮዬ ወደ አንገቴ ይወርዳል፤ ከዚያ አፌ ይደርቃል። ሰው ፊት ከሆንሁ ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ጆሮዬን እሸፍነዋለሁ። እናቴ «ያንቺስ ቅናት የጤና አይደለም» ትለኝ ነበር። እኔ ግን አላፍርበትም፤ የማይቀና ሰው የሚወደው ነገር የሌለው ሰው ነው እላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ማንም እንዳይታዘበኝ ነው፤ የሚታዘበኝም ካለ ከአሁኑ ይታዘበኝ።

ማኅበር አለን። የጻድቅ ስም የሌለው፣ ዳቦና ጠላ የማይዞርበት፣ የካሜራ ማኅበር ነው። በወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጣና ዳር አንዲት ሾላ ሥር እንሰበሰባለን። የሰርግ ቪዲዮ የሚያነሣ አለ፤ የኮሌጅ መምህር አለ፤ እኔ የሆስፒታል ላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። አንድ የሚያደርገን የአሮጌ ዕቃ ፍቅር ነው። ሰው የጣለውን ሌንስ ከገበያ፣ ከጓዳ፣ ከሟች የዕቃ ሳጥን ለቅመን፣ ሻጋታውን ጠርገን፣ በአዲሱ ዲጂታል ካሜራ ላይ በብረት ቀለበት እናጋጥመዋለን። ሌንሱም እንደ ጽዋ ይዞራል፤ በዚህ ወር አንዱ ቤት ያደረ፣ በሚመጣው ወር ለባለ ተራው ይተላለፋል። ተረካቢው በሁለት እጁ ተቀብሎ ይስመዋል። መሳሙን ማን እንደ ጀመረው አላውቅም፤ የተጀመረው በቀልድ ነው፤ አሁን ግን ሳይስም የሚቀበል የለም።

ከሌንሶቹ ሁሉ በላይ የምናከብረው ግን የጋሼን የፊልም ካሜራ ነው። ጋሼ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ራሱን በስልኩ ማንሣት ሲጀምር ፎቶ ቤቱን ዘጉት፤ ካሜራውንና የፊልም ማጠቢያ ዕቃቸውን ግን ጓሯቸው ውስጥ ወዳለችው ዕቃ ቤት አስገቡ። ካሜራው ፊቱ ላይ ሁለት ዓይን አለው፤ ደረት ላይ ተይዞ ከላይ ቁልቁል ነው የሚታይበት። አንድ ፊልም ዐሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ ነው የሚያወጣው። ፊልሙም እንደ ልብ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይላክልናል፤ ያውም ጊዜው ያለፈበት። ስለዚህ በዚያ ካሜራ ማንም ዝም ብሎ አያነሣም።

ፊልሙን የምከተው እኔ ነበርሁ። የማጠቢያውን ውሃ ሙቀት የምለካ፣ መድኃኒቱን የምቀምም፣ የታጠበውን ፊልም በልብስ መቆንጠጫ የምሰቅል እኔ። የጋሼ ዓይን ደከም ካለ ወዲህማ «ዓይኔ» ይሉኝ ጀመር። ሚስታቸው አርፈዋል፤ ልጆቻቸው የሚኖሩት ርቀው ነው። በማኅበሩ ውስጥ ቀኝ እጃቸው እኔ መሆኔን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የማያውቅ ካለም አሳውቀው ነበር።

እሷ የመጣችብኝ እንዲህ ተደላድዬ ሳለሁ ነው። ከጣና ማዶ፣ የደልጊ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ጀልባ ሠሪዎች ናቸው፤ እሷ ባሕር ዳር አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ወደ ማኅበራችን ያመጣት የሰርግ ቪዲዮ አንሺው ነው፤ «ጥሩ ዓይን አላት» ብሎ። ሳቂታ ናት። ማርፈድ ልማዷ ነው፤ ስትመጣ ግን ሁሉም «እሰይ፣ መጣች!» ይላል። እኔ ይኸን ሁሉ ጊዜ ሰዓት አክብሬ ስመጣ እሰይ ያለኝ ሰው የለም። የሌንስ ክዳን ትጥላለች። ሌንስ ስትረከብ እንኳ ከመሳሟ በፊት ታወራለች። ይህን ሁሉ የምመዘግበው እኔ ብቻ ነበርሁ መሰል፤ ሌላው ከእሷ ጋር ይስቃል።

ተራዋ ደርሶ የጋሼን ካሜራ ያዘች። በዚያ ካሜራ ውስጥ ሲያዩ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ነው የሚታየው። ያልለመደ ሰው አዘነበለብኝ ብሎ ሊያቃና ሲል ይብሱን ያጋድለዋል። እሷም እንደዚያው ሆነች። ፊልሟን ከጋሼ ጋር ያጠብሁት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀጥ ያለ ጣና አልነበረበትም። በደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ከነመቅዘፊያው ከወረቀቱ ሊንሸራተት ደርሷል። ደስ አለኝ። እኔን በአንድ ወቅት የፀጉር ያህል ስላዘመምሁ ፊልሙን ሙሉ እንደ ገና እንዳነሣ ያደረጉኝ ጋሼ ምን እንደሚሏት ለመስማት ቸኮልሁ።

ጋሼ ፎቶውን አቅርበው አዩት፤ አራቁት። «ይች ልጅ ሐይቁን ልታፈሰው ነው!» አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሑድ ዕለት ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መምህሩ «ሕይወት አለው» አለ። የሰርግ ቪዲዮ አንሺው በስልኩ አንሥቶ በቴሌግራም ግሩፓችን ለቀቀው። ነጠላዬን ወደ ጆሮዬ ሳብሁ።

በሚቀጥለው ተራዬ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እኔም አዘመምሁ። ሆን ብዬ፣ ለክቼ፣ የሷን ያህል አጋደልሁት። ጋሼ የኔን ፎቶ አይተው «ምነው ልጄ፣ እጅሽን አሞሽ ነበር?» አሉኝ። ጣውንት የመጣባት ሴት የሚሰማትን ያን ዕለት ዐወቅሁት። ጣውንት እንኳ ቤቷ ለብቻ ነው፤ ይችኛዋ እኔው በቀመምሁት መድኃኒት ፊልሟ እየታጠበላት ነው።

አንድ እሑድ፣ ሾላዋ ሥር እንደ ተቀመጥን፣ ጋሼ ድንገት «ፎቶ ልነሣ እፈልጋለሁ» አሉ። ሳቅን። ሰው ሲያነሡ እንጂ ራሳቸው ሲነሡ አይተን አናውቅም። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ስንት ሰው መታወቂያ ይዞ መጥቶ ‹አሳድግልኝ› ብሎኛል መሰላችሁ» አሉ። «አባት የሞተበት፣ ልጅ የሞተበት። ያችን ጥፍር የምታህል ፎቶ አሳድጌ እሰጣለሁ። ሟቹ ድንኳን ውስጥ፣ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ለቀስተኛውን እንደ ፖሊስ ሲያፈጥበት ይውላል። የኔ መታወቂያ ላይ ያለችው ደግሞ የበግ ሌባ ነው የምታስመስለኝ። ሳልሞት፣ ለድንኳን የምትሆነኝን ልነሣ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ክፉ አይንካዎ!» አልን ሁላችንም። እኔ አፌ ይህን ይበል እንጂ ልቤ ሥራ ጀምሯል። ጠዋት ይሆናል፤ ብርሃኑ ከጎን፤ ያን ግራጫ ኮታቸውን ያደርጋሉ፤ ሐይቁ ከኋላ ደብዘዝ ይላል። የከተማውን ሰው ሲያነሡ የኖሩት ሰው ሲነሡ ከካሜራው ጀርባ የምቆመው ሌላ ማን ሊሆን ነው? ልጆቻቸው አጠገባቸው የሉም። ያችን ፎቶ ያነሣ ሰው በለቅሷቸው ቀን «ይች የእሳቸው ናት» ይባልላታል። እኔ የፈለግሁት ያን ነው። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ጋሼ እጃቸውን ዘረጉና ወደ ደልጊዋ ልጅ ጠቆሙ። «ይች ታንሣኝ። አንቺ ዓይኔ፣ ብርሃን ትይዥልኛለሽ።»

ብርሃን መያዝ ማለት ነጠላ መወጠር ነው። እኛ ማኅበር ውስጥ የፀሐዩን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ፊት የሚመልስ ሌላ ዕቃ የለንም፤ ነጭ ነጠላ ይበቃናል። ደግሞም ከእኔ ነጠላ የነጣ አልነበረም። ምነው አመድ ላይ በጣልሁት ኖሮ።

በቀጠሯችን ጠዋት ጋሼ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው መጡ፤ ስለ ኮቱስ አልተሳሳትሁም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው በርከክ ብዬ ነጠላዬን ከአገጫቸው በታች ወጠርሁ። እሷ አረፈደች። ከመጣችም በኋላ ካሜራውን ከማየት ይልቅ ወሬዋን ቀጠለች። አጎቷ አንድ ጊዜ ጀልባ ሠርቶ እንግዳ ጠርቶ ነበር አለች፤ ጀልባዋ ውሃ ላይ ወረደች፤ ሽማግሌዎቹ ውስጧ ተቀምጠው ዱዓ እያደረጉ ሳለ ከሥር ውሃ ታስገባ ጀመር፤ «አሚን» የተባለው ሁሉም ጉልበቱ ድረስ ርሶ ነው። ጋሼ ሳቁ። እሷ አነሣች። ነገሩ ያስቃል፤ እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ አልሳቅሁም።

«ራቅሽ» አልኋት።

«ይሁን እታለም፣ እቀርባለሁ» አለች።

«ፀሐዩ እየሄደ ነው።»

«ወላሂ እቸኩላለሁ።»

አንድ ጊዜ እንኳ አለመቆጣቷ ይብስ አናደደኝ። ክንዴ ዛለ። ፊልሙ ወደ ማለቁ ሲደርስ እሷ ቁልቁል ካሜራው ውስጥ እያየች ወደ ጎን ትጠማዘዝ ጀመር። «እታለም፣ ትንሽ ፈቅ በይልኝ» አለችኝ። «ብርሃኑ ይሄዳል» ብዬ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም። እንደ ገና ተጠማዘዘች፤ አነሣች፤ ፊልሙ አለቀ።

ያጠብነው እኔና ጋሼ ነን፤ ለዚያስ እሷ አልተጠራችም። ፊልሙ ከውሃው ሲወጣ አምፖሉ ፊት ዘረጋሁት። ነጌቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር ነው፤ ነጠላዬ እንደ ከል ጠቁሮ ከየፎቶው ግርጌ ብቅ ይላል፤ በላዩ ጋሼ። መጨረሻዋ ላይ ስደርስ ደነገጥሁ። እዚያች ላይ እኔም አለሁ፤ ነጠላዬ ብቻ ሳይሆን እኔው ከነፊቴ።

ሲደርቅ ሁሉንም በትንንሽ ወረቀት አተምናቸው። በመጨረሻዋ ፎቶ ከንፈሬ ተጣብቋል፤ ቅንድቤ ተጋጥሟል፤ ዓይኔ ካሜራ የያዘችዋ ሴት ላይ ተተክሏል፤ ብችል የምነክሳት እመስላለሁ። ጋሼ ደግሞ ካሜራውን ትተውታል። ወደ እኔ ዞረው፣ እኔን እያዩ፣ የጎደለው ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። አጉሊ መነጽራቸውን አምጥተው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ጣታቸውን እዚያች ላይ አሳረፉ።

«ይችን» አሉ።

«ይችማ ተበላሽታለች ጋሼ! እኔ ገብቼባታለሁ።»

«እሑድ እንነጋገራለን» አሉና መብራቱን አጠፉ።

እስከ እሑድ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ሆን ብላ ነው ያስገባችኝ። ቅናቴን ዐውቃብኛለች፤ ለቀስተኛ ሁሉ እንዲያየው ፊልም ላይ አሰፈረችው። ሾላዋ ሥር ስትመጣ፣ ያው አርፍዳ፣ «እሰይ» እስኪሏት እንኳ አልጠበቅሁም።

«ሆን ብለሽ ነው አይደል?» ብዬ ፎቶውን ፊቷ ዘረጋሁት።

ዓይኗ ፈጠጠ። «ኧረ ወላሂ! ላወጣሽ ስታገል ነው እኮ! ወደ ዳር ስገፋሽ ወደ መሐል ትመጫለሽ፤ አሁንም ስገፋሽ አሁንም ትመጫለሽ። ፈቅ በይ ብልሽም እምቢ አልሽ።»

መጀመሪያ የሳቀው መምህሩ ነው። ቀጥሎ ሁሉም። በዚያ ካሜራ ያነሣ ሰው ይህን ስሕተት ያውቀዋል፤ ከውስጡ ሲታይ ግራው ቀኝ ስለሆነ፣ ላስወጣ ያሉትን እየጎተቱ ማስገባት ነው። በተንኮል የሚሠራ ስሕተት አይደለም፤ ልክደው አልቻልሁም። እንዲያውም ሌላ ነገር ነው የቆጨኝ። እኔ ባነሣቸው ኖሮ ዐሥራ ሁለቱም ቀጥ ያሉ ይሆኑ ነበር፤ እኔም በአንዳቸውም አልኖርም ነበር።

ቢሆንም አፌ አላረፈም። «እንግዲያው ስሕተት ነው ጋሼ» አልሁ። «ሌሎቹ ዐሥራ አንዱ ደህና ናቸው፤ ከእነሱ ይምረጡ። ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ ይኸን የተኮሳተረ ፊቴን ሊያይ ነው?»

«ይየው» አሉ ጋሼ።

ፎቶውን ከእጄ ወሰዱና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ደግ ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን ግን ቀንታብኝ አታውቅም። ስንት ቆንጆ ባነሣ፣ ስንት ሙሽራ ቢመላለስ፣ ‹በልተሃል ወይ› ነው የምትለኝ። ያን ጠዋት ዞር ብል አንቺ እንዲህ ሆነሻል። እኔን ሰው ወሰደብኝ ብሎ እንዲህ ፊቱን ያጠቆረልኝ ሰው አይቼ አላውቅም። ሳቄ መጣ።»

«ሌሎቹም ላይ ስቀዋል እኮ» አልሁ፤ ድምፄ ግን እንደ ፊቱ አልነበረም።

«በዐሥራ አንዱ ብቻዬን ነኝ ልጄ» አሉኝ።

ጋሼ ፎቶውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት፤ ምንም አልነበረበትም። እሷ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ አልተነሣሁባትም።

«አሳድጌ የማትመው ግን እኔ ነኝ» አልሁ በመጨረሻ። «እሷ እንዳትነካው።»

«እሺ» አሉ ጋሼ።

«እሺ እታለም» አለች እሷም።